አንድ አገር፣ ሁለት መንግሥታት፤ የዛንዚባር ራስ ገዝ ሥርዓት እንዴት ይሠራል?

ሪያድ፣ ነሲም — ከዳሬ ሰላም ወደብ የሚነሣው ፈጣን ጀልባ የሕንድ ውቅያኖስን ሰንጥቆ ዛንዚባር ከተማ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ጉዞው ከአንድ አገር ከተማ ተነሥቶ በዚያው አገር ሌላ ከተማ የሚያበቃ ነው። ሆኖም የውጭ አገር ተጓዥ ከጀልባው ወርዶ ከወደቡ ቅጥር ከመውጣቱ በፊት በኢሚግሬሽን መስኮት ፊት ቆሞ ፓስፖርቱን ማሳየት ይጠበቅበታል። ከ2024 ኦክቶበር ወዲህ ደግሞ ወደ ደሴቶቹ የሚገባ የውጭ ጎብኚ 44 የአሜሪካን ዶላር ከፍሎ የጉዞ መድን እንዲገዛ ተደንግጓል። ይህን የደነገገው የታንዛኒያ መንግሥት አይደለም። የዛንዚባር መንግሥት ነው።

በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አዳራሽ ዛንዚባር የሚል የስም ሰሌዳ የለም። ደሴቶቹ የራሳቸው ገንዘብ የላቸውም፤ መከላከያ ሠራዊት አያቋቁሙም፤ ኤምባሲም አይከፍቱም። ነገር ግን በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ፕሬዚዳንት፣ ሕግ የሚያወጣ ምክር ቤት፣ የራሳቸው ሕገ መንግሥትና ከፍተኛ ፍርድ ቤት አሏቸው። ከ2005 ወዲህም የታንዛኒያን ሰንደቅ ዓላማ በአንድ ጥጉ የያዘ የራሳቸው ሰንደቅ ዓላማ ይውለበለባል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋነኞቹ ደሴቶች ኡንጉጃና ፔምባ ሲሆኑ፣ በ2022 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዎቻቸው 1,889,773 ነበሩ። የመላው ታንዛኒያ ሕዝብ በዚያው ቆጠራ 61,741,120 ነበር። ከመቶ ታንዛኒያውያን ሦስቱ ብቻ የደሴት ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ሦስቱ ከዘጠና ሰባቱ ጋር የገቡት ውል ምን ይላል? ከስድሳ ዓመት በላይስ እንዴት ሊጸና ቻለ?

ከሱልጣኖች ዘመን እስከ ኅብረቱ

ዛንዚባር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የኦማን ገዥ የነበሩት ሰይድ ሰዒድ ቢን ሱልጣን መናገሻቸውን ከሙስካት ያዛወሩባት፣ በቅርንፉድ እርሻ፣ በዝሆን ጥርስና በባሪያ ንግድ የበለጸገች ምድር ነበረች። በ1890 በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ወደቀች። ሱልጣኑ በዙፋናቸው ቢቆዩም ሥልጣኑ ቀስ በቀስ ወደ እንግሊዛዊው ተወካይ እጅ ገባ። ነጻነቷን ያገኘችው ዲሴምበር 10 ቀን 1963 ሲሆን፣ የመንግሥቱ ራስ ሱልጣን ጀምሺድ ቢን ዐብደላህ ነበሩ።

ይህ ነጻነት ዕድሜው አንድ ወር ብቻ ነበር። የመውደቁ ምክንያት ከነጻነቱ አስቀድሞ በምርጫ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በጁላይ 1963 በተካሄደው ምርጫ አፍሮ ሺራዚ የተባለው ፓርቲ ከመቶ 54 የሚሆን ድምፅ አገኘ። ከ31 መቀመጫዎች ያገኘው ግን 13ቱን ብቻ ነበር። 18ቱን መቀመጫ የያዙት ሁለት ተጣማሪ ፓርቲዎች መንግሥት መሠረቱ። የሕዝቡ ድምፅ ብዙኃን በአንድ ወገን፣ የምክር ቤቱ ብዙኃን በሌላ ወገን ሆነው አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች። የመደብና የዘር ቅራኔም በላዩ ተደረበ። ጃንዋሪ 12 ቀን 1964 ሌሊት የተነሣው አብዮት ሱልጣኑን ከዙፋን አወረደ፤ ብዙ ደምም ፈሰሰ። የአፍሮ ሺራዚው መሪ ሼኽ አቤይድ አማኒ ካሩሜ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የተፋጠነ ነበር። ካሩሜና የታንጋኒካው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ኤፕሪል 22 ቀን የኅብረቱን ውል ፈረሙ። ከአራት ቀናት በኋላ፣ ኤፕሪል 26 ቀን 1964፣ ሁለቱ አገሮች አንድ ሆኑ። ታንዛኒያ የሚለው ስም የወጣው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። ውሉ አጭር ነው፤ ይዘቱ ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። በጋራ የሚሠሩ 11 ጉዳዮችን ዘርዝሮ ለኅብረቱ ሰጠ፤ ከእነዚህም የውጭ ጉዳይ፣ መከላከያ፣ ፖሊስ፣ ዜግነት፣ የገቢ ግብርና ጉምሩክ ይገኛሉ። ያልተዘረዘረው ሁሉ በዛንዚባር እጅ እንዲቆይ ሆነ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቋሚ ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ጉባኤ ይጠራል የሚል ቃልም በውሉ ሰፍሯል። ቋሚው ሕገ መንግሥት የወጣው ግን በ1977 ነው።

የደሴቶቹ መንግሥት

የዛንዚባር የሕግ አውጭ ምክር ቤት በስዋሂሊኛ ባራዛ ላ ዋዋኪሊሺ ይባላል፤ የተወካዮች ምክር ቤት ማለት ነው። ባራዛ የሚለው ቃል በአሮጌው ከተማ በየቤቱ ደጃፍ ሰዎች ተቀምጠው ወግ የሚጠርቁበትን የድንጋይ መደብም ያመለክታል። ከእኛ አገር መደብ ጋር አንድ ነገር ነው። ምክር ቤቱ ሥራ የጀመረው በ1980 ነው። ከአብዮቱ እስከዚያ ድረስ ደሴቶቹን ያስተዳደረው አብዮታዊ ምክር ቤት ሲሆን፣ ይህ ስም ዛሬም የካቢኔው መጠሪያ ሆኖ ቀርቷል። አሁን በሥራ ላይ ያለው የዛንዚባር ሕገ መንግሥት የ1984ቱ ነው።

ምክር ቤቱ ከ50 የምርጫ ክልሎች በቀጥታ የሚመረጡ አባላት አሉት። ለሴቶች የተለየው መቀመጫ ከእነዚህ ከመቶ 40ውን ያህላል። አሥር አባላትን ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ይሾማሉ። ትምህርትን እስከ ሁለተኛ ደረጃ፣ ጤናን፣ እርሻን፣ መሬትን፣ ቱሪዝምን የሚመለከቱ ሕጎች የሚወጡት እዚህ ነው። ይህም ምክር ቤት ከአባላቱ መካከል አምስቱን መርጦ ወደ ታንዛኒያ ፓርላማ ይልካል። ፕሬዚዳንቱ ለአምስት ዓመት ይመረጣሉ፤ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አይቆዩም። በዛንዚባር ለመምረጥ ታንዛኒያዊ መሆን ብቻ አይበቃም። ዛንዚባራዊ መሆንና በምርጫ ክልሉ 36 ወራት መኖር ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ የሐረሪ ክልል ተቃራኒውን መንገድ መያዙን የአገራችን አንባቢ ልብ ይለዋል። ከክልሉ 36 የምክር ቤት መቀመጫዎች 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ ለእነዚህም ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎች ድምፅ ይሰጣሉ። አንደኛው ሥርዓት ቁጥሩ አነስተኛ የሆነውን ሕዝብ በነዋሪነት፣ ሌላኛው በተወላጅነት ለመጠበቅ የታሰበ ነው።

የሥርዓቱ ልዩ መልክ ያለው ግን በሁለቱ ምክትል ፕሬዚዳንቶች ዘንድ ነው። ቀዳማዊ ምክትል ፕሬዚዳንት የሚመጡት ከአሸናፊው ፓርቲ ሳይሆን በምርጫው ሁለተኛ ከወጣው ፓርቲ ነው። ዳግማዊው ከፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ይሾማሉ፤ በምክር ቤቱም የመንግሥትን ሥራ ይመራሉ። ሚኒስትሮችም ፓርቲዎቹ ባገኙት መቀመጫ ልክ ይደለደላሉ። ተሸናፊ በመንግሥቱ ውስጥ ድርሻ አለው።

እዚህ የተደረሰው በብዙ መከራ ነው። በ1995 በተደረገው የመጀመሪያው የመድብለ ፓርቲ ምርጫ የገዢው ፓርቲ እጩ ሰልሚን አሙር ከመቶ 50.2፣ ተቀናቃኛቸው ሰይፍ ሸሪፍ ሐማድ 49.8 አገኙ ተብሎ ታወጀ። ተሸናፊው ውጤቱን አልተቀበለም። ከ2000ው ምርጫ በኋላ በጃንዋሪ 2001 ለተቃውሞ በወጡ ሰዎች ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ከ30 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከ2 ሺህ የሚበልጡ የፔምባ ሰዎችም በጀልባ ወደ ኬንያ ተሰደዱ። ፔምባ የቅርንፉዱ ምርት አብላጫ የሚገኝባት የተቃዋሚው ጎራ ምሽግ ናት፤ የቅርንፉዱን ንግድ በብቸኝነት የሚይዘው ግን የመንግሥት ድርጅት ነው። ፖለቲካው ከቅርንፉድ ከረጢት ያልተለየው ለዚህ ነው።

በኖቬምበር 2009 ሰይፍ ሸሪፍና በጊዜው ፕሬዚዳንት የነበሩት አማኒ ካሩሜ፣ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ልጅ፣ ፊት ለፊት ተገናኙ። ከዚያ በመነሣት ጁላይ 31 ቀን 2010 የብሔራዊ አንድነት መንግሥት ይቋቋም ወይስ አይቋቋም የሚል ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። ከመቶ 66.4 የሚሆነው ሕዝብ ይቋቋም አለ። በሦስት ወር ውስጥ በተደረገው ምርጫ አሊ ሙሐመድ ሼይን 50.1፣ ሰይፍ ሸሪፍ 49.1 አገኙ። ልዩነቱ እንደ ቀድሞው የጠበበ ነበር፤ ይሁንና የቀድሞው ደም አልፈሰሰም። ተሸናፊው ቀዳማዊ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ለዚህ ጸሐፊ ይህ የዛንዚባር ፖለቲካ ከሰጣቸው ፍሬዎች ሁሉ ይበልጣል።

ዕድሜው ግን አጠረ። የኦክቶበር 2015 ምርጫ ውጤት በመገለጽ ላይ ሳለ የምርጫ ኮሚሽኑ ሊቀ መንበር ምርጫው ተሰርዟል ብለው አወጁ። በማርች 2016 በተደገመው ምርጫ ተቃዋሚዎች ባለመሳተፋቸው ሼይን 91.4 በመቶ አገኙ፤ የጥምር መንግሥቱም ተቋረጠ። ከ2020ው ምርጫ በኋላ ተመልሶ ቆመ። ሰይፍ ሸሪፍ በአዲስ ፓርቲ ሥር ሆነው በዲሴምበር 2020 በድጋሚ ወደ መንበሩ መጡ፤ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2021 ግን አረፉ። በቦታቸው ዑስማን መስዑድ ዑስማን ተተኩ። የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን የሑሴን ምዊኒ ነው፤ በኦክቶበር 2025 በተደረገውም ምርጫ አሸናፊ ተብለዋል።

ቃዲና ወቅፍ

ከደሴቶቹ ነዋሪ ከመቶ ዘጠና አምስት የማያንሰው ሙስሊም ነው፤ አብዛኛውም የሻፊዒይን መዝሀብ ይከተላል። የኢማም አን-ነወዊ ሚንሃጅ በሐረርና በወሎ የዕውቀት ማዕድ እንደሚቀራው ሁሉ በዛንዚባርም ሲቀራ ኖሯል። በሱልጣኖቹ ዘመን የሱኒዎችና የኢባዲዎች ቃዲ ለየብቻ ይሾም ነበር። ዛሬ የቃዲ ፍርድ ቤት በዛንዚባር በሕግ የቆመ የመንግሥት ፍርድ ቤት ነው፤ ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ውርስን፣ ቀለብንና ወቅፍን ይዳኛል። በታንዛኒያ ዋና ምድር እንዲህ ያለ የመንግሥት ፍርድ ቤት የለም፤ እንዲቋቋም በፓርላማ የቀረበው ጥያቄም ዓመታት አስቆጥሯል። የዛንዚባር ሙፍቲ የሚሾሙት በፕሬዚዳንቱ ነው። የወቅፍ ንብረት የሚያስተዳድረው መንግሥታዊ ኮሚሽንም ወደ ሐጅ የሚመጡ ምእመናንን ጉዳይ ይከታተላል። በመካና በመዲና ከታንዛኒያ የመጡ ሑጃጆችን ያገኘ ሰው ከመካከላቸው ራሳቸውን ዛንዚባራዊ የሚሉትን ሳይሰማ አይቀርም።

በሕግ ረገድ አንድ ነጥብ ይበልጥ ትኩረት ይሻል። ከዛንዚባር ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚወጣ ተራ ይግባኝ ለሁለቱም ወገን የጋራ ወደ ሆነው የታንዛኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ከቃዲ ፍርድ ቤት የተነሣ ጉዳይና የዛንዚባርን ሕገ መንግሥት የሚተረጉም ክርክር ግን ወደዚያ አይሻገሩም። መጨረሻቸው እዚያው ደሴቱ ላይ ነው።

ሁለት ጎን ያለው ሚዛን

እስካሁን የተነገረው የደሴቶቹ ጓዳ ነው። ከውጭ ሲታይ ቤቱ ዘመም ያለ ነው። ዛንዚባር የራሷ መንግሥት አላት፤ ታንጋኒካ የላትም። ለጋራ ጉዳዮች የቆመው የኅብረቱ መንግሥት የዋናው ምድር መንግሥትም እርሱ ራሱ ነው። ትምህርትን ለዳሬ ሰላም፣ መንገድን ለምዋንዛ፣ እርሻን ለአሩሻ የሚያስተዳድረው ሚኒስቴር እና ስለ መላው አገር መከላከያ የሚወስነው ካቢኔ አንድ አካል ናቸው። ኔሬሬ ለዚህ የሰጡት ምክንያት ግልጽ ነበር፤ አንድ መንግሥት ብቻ ቢሆን ታንጋኒካ ትንሿን ጎረቤቷን የዋጠች ይመስላል፣ ሦስት ቢሆን ደግሞ ወጪው ከታንጋኒካ ጫንቃ አይወርድም።

ከዚህ ዝንባሌ ሁለቱም ወገን ያማርራል። የዋናው ምድር ሰዎች እንዲህ ይላሉ፤ በ2020ው ምርጫ ከ264 የፓርላማ የምርጫ ክልሎች 50ዎቹ የዛንዚባር ነበሩ፤ ከሕዝቡ ከመቶ ሦስት የሆነው ወገን ከመቶ 19 የሚጠጋ መቀመጫ አለው፤ ተወካዮቹም ዛንዚባርን በማይመለከተው በዋናው ምድር ትምህርትና ጤና ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። አንድ ዛንዚባራዊ የታንዛኒያ ፕሬዚዳንት ሊሆን ይችላል። አሊ ሐሰን ምዊኒ ሆነዋል፤ በማርች 2021 ሥልጣን የያዙት ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰንም የኡንጉጃ ተወላጅ ናቸው። የዋናው ምድር ሰው ግን የዛንዚባር ፕሬዚዳንት ሊሆን አይችልም።

የዛንዚባር ሰዎች ደግሞ የጋራ ጉዳዮች ዝርዝር እየረዘመ መሄዱን ያነሣሉ። በ11 የተጀመረው ዝርዝር ዛሬ 22 ደርሷል። በ1965 ገንዘብና ባንክ፣ በ1968 ነዳጅና የተፈጥሮ ጋዝ ተጨመሩ። ከፍተኛ ትምህርትና የብሔራዊ ፈተናዎች ምክር ቤትም ተከትለው ገቡ። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ የዛንዚባር ፕሬዚዳንት በማዕረጋቸው የታንዛኒያ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ከ1995ቱ ምርጫ ጀምሮ ይህ ቀርቶ በኅብረቱ ካቢኔ አንድ አባል ሆኑ። ከውጭ ከሚገኝ የበጀት ድጋፍ ለደሴቶቹ የሚደርሰው 4.5 በመቶ ለዘመናት ሲያነታርክ ኖሯል። መብራቱም ቢሆን ከዋናው ምድር በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ የሚመጣ ነው። በዲሴምበር 2009 ገመዱ ተበላሽቶ ኡንጉጃ ሦስት ወር ያህል በጨለማ ስትቆይ፣ የራስ ገዝነት ወሰን የት እንደሆነ ለማሳየት ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም።

የዚህ ጸሐፊ መኖሪያ በሆነው በሪያዱ የነሲም ሰፈር ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ጎን ለጎን ይኖራሉ። ስለ አገር ወግ ሲነሣ ሳይጠቀስ የማያልፍ አንድ ቃል ቢኖር ፌዴሬሽን ነው። የዛንዚባርን ውል የሚያነብ ከእኛ ወገን የሆነ ሰው ወዲያው የሚያስታውሰውም ይህንኑ ነው፤ የሁለቱ ውሎች አወቃቀር እጅግ ይመሳሰላልና።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ዲሴምበር 2 ቀን 1950 ባሳለፈው ውሳኔ ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሉዓላዊነት ሥር ራስ ገዝ ሆና በፌዴሬሽን እንድትቀላቀል ተወሰነ። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድና ወደቦች ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጡ፤ ሌላው ለኤርትራ ቀረ። ኤርትራም የራሷ ሕገ መንግሥት፣ 68 አባላት ያሉት ምክር ቤት፣ የራሷ ሰንደቅ ዓላማ፣ ትግርኛና ዐረብኛ የሆኑ ሁለት የሥራ ቋንቋዎች ኖሯት በሴፕቴምበር 1952 ፌዴሬሽኑ ሥራ ጀመረ። ነገር ግን የፌዴራል መንግሥት የሚባል የተለየ አካል አልተቋቋመም። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ራሱ ፌዴራላዊውም ነበር። ከሁለቱም ወገን እኩል አባላት ያሉት ምክር ቤት ቢኖርም ሥልጣኑ ከማማከር አላለፈም። በ1955 ዋና አስተዳዳሪው ተድላ ባይሩ ሥራቸውን ለቀቁ፤ በ1958 ሰንደቅ ዓላማው ወረደ፤ በ1960 የኤርትራ መንግሥት የሚለው ስያሜ ወደ ኤርትራ አስተዳደር ተለወጠ። ኖቬምበር 14 ቀን 1962 ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ከዚያ የተከተለውን የሠላሳ ዓመት ጦርነት ለአንባቢ መተረክ አያስፈልግም።

ታዲያ ተመሳሳይ መዋቅር የያዘው የዛንዚባር ውል ስለ ምን አልፈረሰም? አንዱ መልስ በሕገ መንግሥቱ 98ኛ አንቀጽ ይገኛል። የኅብረቱን ህልውና፣ የዛንዚባርን ሥልጣን ወይም የጋራ ጉዳዮችን ዝርዝር የሚነካ ለውጥ ከዋናው ምድር የፓርላማ አባላት ሁለት ሦስተኛ፣ ከዛንዚባርም አባላት ሁለት ሦስተኛ ለየብቻው ድጋፍ ማግኘት አለበት። ዘጠና ሰባቱ ሦስቱን በቁጥር ብዛት ሊረቱ አይችሉም። የኤርትራ ምክር ቤት እንዲህ ያለ መቆለፊያ በማዕከሉ ምክር ቤት ውስጥ አልነበረውም።

ሁለተኛው መልስ ከሕግ መጽሐፍ ውጭ ነው። የካሩሜ አፍሮ ሺራዚና የኔሬሬ ታኑ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1977 ተዋሕደው ቻማ ቻ ማፒንዱዚ፣ ማለትም የአብዮቱ ፓርቲ፣ የተባለውን ፈጠሩ። ሁለቱንም መንግሥታት እስከ ዛሬ የሚመራው ይህ ፓርቲ ነው። በሁለቱ መንግሥታት መካከል የሚነሣ ጠብ በፍርድ ቤት ሳይሆን በፓርቲው ጓዳ ይበርዳል። ጥቅሙ የታወቀ ነው። ጉዳቱ ደግሞ በደሴቶቹ ሌላ ፓርቲ አሸንፎ ቢገባ ይህ ጓዳ የሚዘጋ መሆኑ ነው። የዛንዚባር ምርጫ ከዋናው ምድር ምርጫ ይልቅ የከረረ የሚሆነው፣ በጥቂት አሥረኛ ነጥቦች ሰው የሚሞተው፣ በከፊል በዚህ የተነሣ ይመስላል።

ኅብረቱ ድንበሩን ያሳየባቸው ጊዜያት አሉ። በዲሴምበር 1992 ዛንዚባር መቀመጫው እዚሁ በጅዳ የሆነውን የእስልምና ጉባኤ ድርጅት በአባልነት ተቀላቀለች። የውጭ ጉዳይ የኅብረቱ ሥልጣን ነውና በዳሬ ሰላም ከፍተኛ ሙግት ተነሣ። ነገሩ ወዲያው ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ፤ 55 የዋናው ምድር የፓርላማ አባላት ዛንዚባር እንዲህ ካደረገች ለታንጋኒካም መንግሥት ይቋቋም ሲሉ ተነሡ። ዛንዚባር በኦገስት 1993 ከድርጅቱ ወጣች፤ ጡረታ የወጡት ኔሬሬም ተመልሰው ጣልቃ ገብተው የታንጋኒካው ጥያቄ እንዲቀር አደረጉ።

ሌላው ከእግር ኳስ ሜዳ የመጣ ሲሆን መድረኩ አዲስ አበባ ነበረች። ማርች 16 ቀን 2017 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ጠቅላላ ጉባኤ በመዲናችን ተቀምጦ ዛንዚባርን 55ኛ አባል አድርጎ ተቀበለ። የደሴቶቹ ሰዎች ደስታ አራት ወር ቆየ። በጁላይ ወር በራባት የተሰበሰበው ጉባኤ አባልነቱን ሰረዘው፤ ምክንያቱም ታንዛኒያ አንድ አገር ናት የሚል ነበር።

ውሉን እንደገና ለመጻፍ የተሞከረበት ጊዜም አለ። ካሩሜ በ1972 ከተገደሉ በኋላ የተተኩት አቡድ ጁምቤ የሦስት መንግሥታትን ሐሳብ ሲያሰናዱ ተገኝተው በጃንዋሪ 1984 ሥልጣን ለመልቀቅ ተገደዱ። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ያው ሐሳብ በይፋ ተመለሰ። የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ጆሴፍ ዋሪዮባ የመሩት የሕገ መንግሥት ኮሚሽን የሕዝብ አስተያየት ሰብስቦ በዲሴምበር 2013 ያቀረበው ረቂቅ ለዛንዚባር አንድ፣ ለታንጋኒካ አንድ፣ ለኅብረቱ አንድ መንግሥት ይቁም የሚል ነበር። በ2014 የተቀመጠው ጉባኤ፣ ብዙኃኑ የገዢው ፓርቲ ሰዎች ነበሩና፣ ረቂቁን ወደ ሁለት መንግሥታት መልሶ አጸደቀው። በኤፕሪል 2015 ሊደረግ የታሰበው ሕዝበ ውሳኔ ላልተወሰነ ጊዜ ተላለፈ። እንደተላለፈ አለ።

ይህ በእንዲህ እንዳለ ዛንዚባር በበኩሏ በ2010 ባደረገችው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ራሷን የተባበረችውን ሪፐብሊክ ከመሠረቱት ሁለት አገሮች አንዷ ብላ ጻፈች። የታንዛኒያ ሕገ መንግሥት ግን ታንዛኒያ አንዲት አገር ናት ይላል። ነዳጅና ጋዝ ከጋራ ጉዳዮች ዝርዝር ሳይፋቅ በ2015 የወጣው የታንዛኒያ የነዳጅ ሕግ ዛንዚባር የራሷን ነዳጅ ራሷ እንድታስተዳድር ፈቀደ፤ እርሷም በ2016 የራሷን ሕግ አወጣች። ዝርዝሩ አንድ ነገር ይላል፣ ሕጎቹ ሌላ።

እንዲህ ያለውን ግጭት የሚፈታ አካል የታንዛኒያ ሕገ መንግሥት ሳያዘጋጅ አልቀረም። 125ኛው አንቀጽ ልዩ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ያቋቁማል። ሥራው በሁለቱ መንግሥታት መካከል ሕገ መንግሥቱን በመተርጎም ረገድ የሚነሣ ክርክርን ሰምቶ የማስታረቅ ውሳኔ መስጠት ብቻ ነው። ከዳኞቹ ግማሹን የኅብረቱ መንግሥት፣ ግማሹን የዛንዚባር መንግሥት ይሾማል። ውሳኔ የሚጸናውም ከየወገኑ ዳኞች ሁለት ሦስተኛ ሲስማሙ ነው። ፍርድ ቤቱ ቋሚ መቀመጫ የለውም፤ ክርክር ሲነሣ እንዲሰየም የታሰበ ነው። እስካሁን አንድም ቀን ተሰይሞ አያውቅም።